በጀት የማያውቀው በሽታ

የሊበን ግመል ጠባቂ ዱካን የሚለውን የግመል በሽታ በአፍንጫው ይለየዋል። ግመሏ ሸንታ ስታልፍ ከሥፍራው እፍኝ አሸዋ ያነሳል፣ ያሸተዋል፣ ለአፍታ ዝም ይላል፤ ከዚያ እጁን አራግፎ «ይዟታል» ይላል። ማይክሮስኮፕ አይቶ አያውቅም። የበሽታውን ስም ግን ያውቃል፣ ወቅቱን ያውቃል፣ የሚያመጣውን ዝንብ ያውቃል። ከአባቱ የወረሰው ዕውቀት ነው። እኔ ያደግኩት እዚያው ሊበን፣ ነጌሌ ቦረና ከተማ ውስጥ፣ ከሱቅ ነጋዴ ቤት ነው፤ ግመል ኖሮኝ አያውቅም። ያደግኩት ግን በግመል ወተት ነው፤ የአባቴ ሱቅም የቆመው ከብታቸውን ገበያ ሸጠው በሚመለሱ ሰዎች ብር ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንደ ባለዕዳ ነው፤ በንዴትም ነው።

ንዴቴ ከዚህ ይጀምራል። ያ አሸዋ የሚያሸት ሰው ዛሬም፣ በዚህ ዘመን፣ ለግመሉ ያለው ዋና ላቦራቶሪ የገዛ አፍንጫው ነው። ግብር ይከፍላል፤ ገበያ ሲገባ ቀረጥ ይከፍላል፤ አገሪቱ ከቁም እንስሳት ንግድ የውጭ ምንዛሪ ስታገኝ ከእሱ በረት ወጥቶ ነው። ግመሉን የሚበላውን ተህዋስ የሚያጠና፣ ከዓመት ዓመት የማይቋረጥ፣ ከራሳችን ካዝና የሚወጣ ገንዘብ ግን አላየም። ፕሮጀክት አይቷል። ዘመቻ አይቷል። መኪና መጥቶ ሲሄድ አይቷል።

ሐኪሞቹ በሽታውን ሱራ ይሉታል። ተህዋሱ ትሪፓኖሶማ ኢቫንሲ ይባላል፤ በደም ውስጥ የሚዋኝ፣ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ነው። ጋና የምንለው ዋናው ዝናብ ዘንቦ በዳዋና በገናሌ ወንዞች ዳር ያለው ቁጥቋጦ ሲለመልም ትልልቆቹ ነካሽ ዝንቦች ይነሳሉ። ዝንቧ የታመመች ግመል ነክሳ ደም መምጠጥ ስትጀምር ግመሏ ትራገጣለች፣ በጅራቷ ታባርራታለች፤ ዝንቧም አፏ ላይ ያለው ደም ሳይደርቅ አጠገብ ወደቆመችው ጤነኛ ግመል ትሄዳለች። በደቂቃዎች ውስጥ በሽታው ተሻገረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል። ሻኛዋ ይሟሽሻል፣ ዓይኗ ይገረጣል፣ ያረገዘችው ትጨነግፋለች፣ ወተቷ ይነጥፋል። አንዳንዷ ቶሎ ትሞታለች፤ ብዙዎቹ ግን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት እየመነመኑ ይቆያሉ። ጉዳቱ የተረሳውም ለዚህ ነው። በአንድ ቀን መቶ ግመል ቢያጋድም ኖሮ ባለሥልጣን ይመጣ ነበር፣ ካሜራ ይመጣ ነበር። በዝግታ ስለሚገድል ማንም አይቆጥረውም። ያልተቆጠረ ሞት ደግሞ በጀት ጠያቂ የለውም።

ለቤታችን ወተት የሚያመጡ፣ አደ የምንላቸው አንዲት ሴት አሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ በቀረበት ድርቅ ላሞቻቸው በሙሉ አለቁባቸው። ከዚያ በኋላ ዘመድ ተጋግዞ ሁለት ግመል አቆመላቸው። አንደኛዋ ከጋና በኋላ መክሳት ጀመረች። ልጃቸው አሸዋውን አሸተተና «ዱካን ነው» አለ። ትክክል ነበር። መድኃኒት ፍለጋ ገበያ ሄዱ፤ ቢጫ ዱቄት በእሽግ ተሸጠላቸው፤ በውኃ በጥብጠው ወጓት። በዚያው ቀን ሞተች።

«ልጄ፣ በሽታው ሳይሆን መርፌው ነው የገደለብኝ» አሉኝ።

ባዶውን እሽግ ይዤ አንድ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ የሚሠራበትንም ቦታ አልጠራም፤ ጥፋተኛው እሱ አይደለምና። እሽጉን ገልብጦ አየውና አንገቱን ደፋ። ዲሚናዚን የሚባለው መድኃኒት ነው፤ ለከብት የሚሰጥ። ግመል አይችለውም፤ ሊገድላት ይችላል። «ይህን ለሰዎቹ ማን ነገራቸው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ማን ይንገራቸው?» አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማይክሮስኮፕ አሳየኝ፤ መብራቱ ተቃጥሎ ከርሟል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነውና። ይህን ተህዋስ በደም ውስጥ ለማየት ደሙ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ይገባል፣ በፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያ ለአምስት ደቂቃ ያህል ይሾራል፣ ከዚያ የደሙ ፈሳሽና ነጩ የደም ሽፋን የሚገናኙበት ድንበር በማይክሮስኮፕ ይታያል። ተህዋሱ በሕይወት ካለ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ይህ ግን ደሙ በተቀዳ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መሆን አለበት፤ ከዚያ በኋላ ተህዋሱ ይሞታል፣ ይፈርሳል፣ አይታይም። የአገሪቱ ትልቁ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ያለው ሰበታ ነው። ከነጌሌ ሰበታ ወደ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። የሰበታን ባለሙያዎች አከብራለሁ፤ ነገር ግን ከዳዋ ዳር የተቀዳ ደም እዚያ ሲደርስ ማስረጃው ሞቷል። ስለዚህ ሊበን ውስጥ የሚሠራ ላቦራቶሪ መጠየቅ የክብር ጥያቄ አይደለም፤ ተህዋሱ ራሱ ያስቀመጠው ግዴታ ነው።

ክትባትስ? የለም፤ የሌለበትም ምክንያት አለው። ትሪፓኖሶማ ላዩን የሚሸፍነውን ካባ ይቀያይራል። የግመሏ ሰውነት አንዱን ካባ ለይቶ መዋጋት ሲጀምር ተህዋሱ ሌላ ለብሶ ይጠብቀዋል። ትኩሳቱ የሚመላለሰው ለዚህ ነው። የቀረው መሣሪያ መድኃኒት ነው፤ መድኃኒቶቹም አያት የሚያህሉ ናቸው። ዲሚናዚንና አይሶሜታሚዲየም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የወጡ ናቸው። ለግመል ተብሎ የተሠራው ሲሜላርሳን ገበያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ከዚያ ወዲህ ለግመል ሱራ የተጨመረ አዲስ መድኃኒት የለም። ያሉት ደግሞ እየደከሙ ነው፤ በጊቤ ሸለቆ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ለዓመታት ባደረገው ክትትል ከብት ላይ መድኃኒት የለመደ ትሪፓኖሶማ ተገኝቷል። ጊቤ ላይ ይህ የታወቀው ሰው ተመድቦ፣ ገንዘብ ተመድቦ፣ ዓመት ከዓመት ደም ስለተመረመረ ነው። በዳዋ ዳር መድኃኒቱ በመጠኑም ያለመጠኑም፣ በሐኪምም ያለ ሐኪምም በየገበያው ይወጋል። እንዲህ ያለ አወጋግ መድኃኒት የለመደ ተህዋስ እንደሚያፈራ ማንኛውም የእንስሳት ሐኪም ያውቃል።

አሁን ከሊበን ልውጣና ወደ ሌላው ዓለም ልሂድ።

ሱራ መነሻው የእኛው አህጉር ነው። ቅድመ አያቱ በቆላ ዝንብ የሚተላለፈው ትሪፓኖሶማ ሲሆን፣ ከግመል ጋር ከአፍሪካ ሲወጣ በዝንቧ ሆድ ውስጥ የማደግ ችሎታውን አጣ፤ በምትኩ ማንኛዋም ነካሽ ዝንብ የምትሸከመው መንገደኛ ሆነ። እስያ ገባ፣ ደቡብ አሜሪካ ገባ። ግሪፊዝ ኢቫንስ የተባለው ዌልሳዊ የእንስሳት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1880 በያኔዋ ሕንድ ውስጥ በታመሙ ፈረሶችና ግመሎች ደም ሲያየው በሽታ አምጪ ሆኖ የታወቀ የመጀመሪያው ትሪፓኖሶማ ሆነ። በእኛ ዘመን ደግሞ ወደ ካናሪ ደሴቶች ተሻገረ፤ ከዚያ በተጓጓዙ ግመሎች እ.ኤ.አ. በ2006 ፈረንሳይ፣ በ2008 በስፔን ዋና ምድር ታየ። ፈረንሳይ ውስጥ የተያዙት በጣት የሚቆጠሩ ግመሎች ነበሩ። ለእነዚያ ጥቂት ግመሎች ሐኪም ተሰለፈ፣ ደማቸው ተመረመረ፣ ታከሙ፣ ክትትል ተደረገባቸው፣ ውጤቱ ታተመ። አልቀናሁም፤ እንዲህ ነው መደረግ ያለበት። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የሊበን ግመል ደም ከፈረንሳይ ግመል ደም በምን ያንሳል?

አሜሪካንም ተመልከቱ። በሕይወት ያለ እንስሳ ቁስል ውስጥ እንቁላሏን የምትጥል፣ ትሏ ጤነኛ ሥጋ የሚበላ አንዲት ዝንብ አለች። በማዕከላዊ አሜሪካ ተስፋፍታ ሜክሲኮ ገብታ ወደ ሰሜን ስትገፋ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2025 የሜክሲኮ የቁም ከብት እንዳይገባ ድንበሯን ዘጋች። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ቴክሳስ ውስጥ በሳምንት 300 ሚሊዮን መካን ዝንብ የሚያመርት ፋብሪካ በ750 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሠራ አስታወቀች፤ ለአዳዲስ ምርምር ደግሞ እስከ 100 ሚሊዮን ዶላር መደበች። ይህን ስትወስን በዚህኛው ወረርሽኝ አንድም የአሜሪካ ከብት አልተነካም ነበር። ዝንቧ ከመድረሷ በፊት ገንዘቡ ቀደመ።

ያቺው ዝንብ አንድ ጊዜ ወደ እኛም መንገድ ጀምራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ሊቢያ ውስጥ ተገኘች። ከሊቢያ ወደ ደቡብ ብትወርድ ኖሮ የሳህል ከብት፣ የሱዳን ከብት፣ ከዚያም የእኛ ከብት ነበር ተራው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ገንዘብ አሰባስቦ፣ በጨረር የመከኑ ዝንቦችን ከሜክሲኮ በአውሮፕላን አስመጥቶ፣ በሳምንት እስከ 40 ሚሊዮን እየረጨ እ.ኤ.አ. በ1992 ሊቢያን ነጻ አወጣ። የሊበን ከብት ያኔ የዳነው ሌሎች ሰዎች በሌላ አገር ባወጡት ገንዘብ ነው። ለሚቀጥለውስ? ሌላ ሰው እንዲከፍልልን ነው የምንጠብቀው?

«ድሃ አገር ነን፤ ይህ የሀብታም ሥራ ነው» የሚሉ አሉ። ውሸት ነው፤ ውሸት መሆኑን የሚመሰክረው ቃሊቲ ነው። የቆላ ዝንብንና የምታስተላልፈውን የከብት በሽታ ገንዲን ለማጥፋት ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1997 ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጋር በደቡባዊ ስምጥ ሸለቆ ሥራ ጀመረች። ቃሊቲ ላይ የዝንብ ማርቢያ ተሠራ፤ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ዝንብ ማርባት፣ ወንዱን መለየት፣ በጨረር ማምከን፣ በአርባ ምንጭ ዙሪያ መልቀቅ ተማሩ። ዕውቀቱ አለን። ሰው አለን። ሆኖም ዝንቧ ከደቡብ ሸለቆ አልጠፋችም። ዝንብ ማጥፋት እንደ ማሳ አረም ነው፤ ዘጠኝ እጁን ነቅለህ ብትተው የቀረው አንድ እጅ መልሶ ያለብሰዋል። የአንድ ፕሮጀክት ዘመን አልቆ ሌላው እስኪመጣ ድረስ ያለው ክፍተት ለዝንቧ በቂ ነው። የአፍሪካ አገሮች በጋራ ለጀመሩት የቆላ ዝንብ ዘመቻም የኢትዮጵያ ድርሻ የተሸፈነው በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ ነበር። ብድርም ዕርዳታም ቀን አላቸው። ዝንብ ቀን የላትም።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፤ ያለበለዚያ ያልገባው ሰው «ታዲያ የቃሊቲውን ዝንብ ወደ ሊበን ላኩት» ይለኛል። አይሠራም። ሱራን የምትሸከመው የቆላ ዝንብ አይደለችም፤ ብዙ ዓይነት ነካሽ ዝንቦች ናቸው፤ ሁሉንም ማምከን አይቻልም። ለሱራ የሚያስፈልገው ሌላ ነው፦ በሜዳ ላይ የሚሠራ ፈጣን የደም ምርመራ፣ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን የሚከታተል ቋሚ ሥራ፣ የዝንቦቹን ወቅት የሚመዘግብ ሰው፣ እረኛውም መቼና ወዴት መንጋውን ማሸሽ እንዳለበት የሚነግር ዕውቀት። በአንድ ቦታ የተሠራ መፍትሔ ለሌላው ቦታ ስለማይሆን ነው ምርምር የሚያስፈልገው፤ ለምርምርም በጀት።

የሊበን መሬት ራሱ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የግጦሽ ቃጠሎ ከተከለከለ ወዲህ ቁጥቋጦው ሣሩን ዋጠው። በዓለም የታወቀው የቦረና ከብት ሣር በል ነው፤ ቦታው ጠበበው። ድርቁ ደግሞ ተመላለሰ። ሰው ወደ ግመል የዞረው በዚህ ነው። የመንግሥት የእንስሳት ጤና ሥርዓት ግን ዛሬም አብዝቶ የሚያስበው በከብት ነው፤ መድኃኒቱ የከብት፣ ሥልጠናው የከብት፣ መርፌውም የከብት። አደዪቱ ያለቀሱት በዚህ ክፍተት ውስጥ ወድቀው ነው።

«ዩኒቨርሲቲዎች ያጠናሉ» የሚል መልስም ሰምቻለሁ። አዎ፣ ያጠናሉ፤ እንዴት እንደሚያጠኑ ግን እንነጋገር። የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ለመመረቂያው ይመጣል። በናሙና ስሌት መጽሐፉ መሠረት ቁጥሩ ብዙ ጊዜ 384 ነው፤ ይህን ቁጥር በአገራችን የእንስሳት ሕክምና የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ደጋግማችሁ ታገኙታላችሁ። 384 ግመል ይወጋል፣ ደም ይቀዳል፣ በመቶ ስንት እንደተያዘ ይጽፋል፣ ይመረቃል፣ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ሌላ ተማሪ ሌላ 384 ግመል ይወጋል። ተማሪዎቹን አልወቅስም፤ ብዙዎቹ የሚሠሩት ከኪሳቸው እየከፈሉ ነው። ግን ያቺን ግመል በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ የሚያያት የለም። እረኛው ደም ሰጠ፤ ውጤቱ አልተመለሰለትም። ይህን መቁጠር እንበለው እንጂ ምርምር አንበለው።

ታሪካችን ደግሞ ከማንም በላይ ማስተማር ነበረበት። የከብት ደስታ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1887 በምፅዋ በኩል ከውጭ በገቡ ከብቶች መጣ፤ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጀ፤ ክፉ ቀን የምንለውን ረኃብ አመጣ። ቦረናዎች ያንን ዘመን ቲቴ ጉራቻ ይሉታል፤ ጥቁር ዝንብ ማለት ነው። ሽማግሌዎች ዛሬም ሲጠሩት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ያ በሽታ ከምድር ጠፍቷል፤ መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታወጀ። የጠፋው እንዴት ነው? ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት ተመራምረው ያገኙ ሰዎች ስለነበሩ፣ ክትባቱንም ተሸክመው ሐኪም ወዳልረገጠው ቆላ የገቡ፣ ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ክትባት ሰጪዎች ስለነበሩ ነው። አፋር ቆላ ላይ እ.ኤ.አ. በ1995 የአገራችን የመጨረሻው ወረርሽኝ የተዘጋው በእነዚህ ሰዎች እግር ነው። ላቦራቶሪውና እረኛው ሲገናኙ የመቶ ዓመት መዓት ቆመ።

ተመራማሪው አክሊሉ ለማም እንዲሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች ያለው ወንዝ ውስጥ የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያየው፣ የሚያይ ዓይንና የሚያጠናበት ጊዜ ስለነበረው ነው። ሴቶቹ እንዶዱን ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር። አሸዋ የሚያሸተው እረኛም የሚያውቀው ነገር አለ። ያንን ሽታ ወደ ላቦራቶሪ ወስዶ ምን እንደሆነ የሚመረምር፣ ከዚያም ርካሽ የሜዳ ምርመራ ሊሠራ የሚችል ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ አለ፤ ደመወዙን፣ መኪናውን፣ የነዳጁን፣ የኬሚካሉን ወጪ የሚችልለት ነው የጠፋው።

እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ገንዘብ ሲቆም በቆላው የነበሩ ብዙ ሥራዎች በሳምንታት ውስጥ ቆሙ። አንዳንዶች በአሜሪካ ተቆጡ። እኔ የተቆጣሁት በእኛ ነው። የገዛ ከብታችንን ጤና በሌላ አገር መንግሥት ውሳኔ ላይ ያንጠለጠልነው እኛ ነን። ከአፍሪካ አንደኛ ነው የምንለው፣ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ ከብትና ከዚያም ሌላ በሚሊዮን የሚቆጠር ግመል ያለን ሕዝብ ነን። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ካርቱም ላይ ከአገራዊ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር ለመመደብ ተስማምተዋል። የእኛው የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ እ.ኤ.አ. በ2012 ቢያንስ 1.5 በመቶ ብሎ ጽፏል። ዛሬም ከ1 በመቶ በታች ነን። የጻፍነውን ቃል ራሳችን አላከበርንም።

በሊበን ሜዳ ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ አለች፤ በአፍሪካ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት አንዷ ናት። ለእሷ ከሩቅ አገር ተመራማሪዎች ይመጣሉ፣ ይቆጥሯታል፣ ሣሯን ያስከብሩላታል። ይገባታል፤ እኔም እንድትኖር እፈልጋለሁ። በዚያው ሜዳ ላይ የምትከሳውን ግመል የሚቆጥር ግን ከውጭ አይመጣም፤ መምጣትም የለበትም። የእኛ ሥራ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ነጌሌ ላይ መብራትና ባለሙያ የማይጠፋበት የደም ምርመራ ክፍል። ለቆላ እንስሳት ጥገኛ ተህዋስያን፣ ለሱራም ለመዥገርም፣ በፌዴራል በጀት ውስጥ በስሙ የተጻፈ፣ በየዓመቱ የሚታደስ የምርምር መስመር። ለግመል የሚሆነው መድኃኒት በሕጋዊ መንገድ እንዲገባ፣ የከብቱ እሽግ ላይ ደግሞ «ለግመል አይሰጥም» የሚል ጽሑፍ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ እንዲታተም። ይህ የመጨረሻው ገንዘብ እንኳ አያስወጣም፤ ለአደዪቱ ግመል ግን ይደርስላት ነበር።

የተከበራችሁ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት፣ በተለይም ከቦረና፣ ከጉጂ፣ ከሶማሌ ክልል ሊበን ዞን የተመረጣችሁ፦ የዓመቱ በጀት በሰኔ ወደ እናንተ ሲቀርብ እጃችሁን ከማንሳታችሁ በፊት የእንስሳት ሀብትን ገጽ ግለጡ። ለቆላ እንስሳት ምርምር የተጻፈ መስመር ፈልጉ። ካጣችሁት ተነሥታችሁ በአዳራሹ ውስጥ ጠይቁ፤ ጥያቄያችሁም በቃለ ጉባኤው ይመዝገብ። እዚህ ነጌሌ በሬዲዮ እንሰማችኋለን።